አሥራ ስምንት ደቂቃ

ስለ መኪና አደጋ በየጊዜው ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይነገራል። የሚጻፈውና የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ነጂው ነው፤ ነጂው ቸኮለ፣ ነጂው ጠጣ፣ ነጂው አንቀላፋ፣ ነጂው አልተማረም ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ከነጂው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ነበረ አንድ ሰው ነው። ያም ሰው እኔ ነኝ። ነገሩ የሆነው በ1988 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ነው፤ እስከ ዛሬም ድረስ ከሦስት ሰዎች በቀር ለማንም አልነገርሁትም። አሁን የምጽፈው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ ሳይሆን፣ እኔ በተቀመጥሁበት ወንበር ላይ ነገ የሚቀመጥ አንባቢ ስለሚኖር ነው።

በዚያ ጊዜ እኔ በአዲስ አበባ በአንድ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበርሁ፤ ዕድሜዬም ሠላሳ አራት ዓመት ነበረ። አንድ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ ስልክ ተደወለ፤ በደብረ ማርቆስ የምትኖረው አክስቴ ሌሊቱን ማረፏን፣ ቀብሯም በዚያው ዕለት በዘጠኝ ሰዓት እንደሚሆን ተነገረኝ። ይህች አክስቴ የአባቴ እኅት ናት፤ እናቴ በልጅነቴ ስለ ሞተች ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ ፊደልም እንድቆጥር እጄን ይዛ ወደ የኔታ ዘንድ የወሰደችኝ እርሷ ናት። እንግዲህ አፈር ሳትለብስ መድረስ ለእኔ ምን ያህል ነገር እንደ ነበረ አንባቢ ይፈርድልኛል። ዘመድ ተጠራራ፤ አንድ አነስተኛ አውቶቡስ ተከራየን፤ ሃያ ሁለት ሰዎች ሆነን ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ኪራዩን የተዋዋልሁትና የከፈልሁት እኔ ስለ ነበርሁ ከነጂው አጠገብ እኔ ተቀመጥሁ።

ነጂው ሃያ ስድስት ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ጎልማሳ ነበረ። ረዳቱም ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበረ፤ በየከተማው እየወረደ ውሃ ለሚጠማቸው ሽማግሌዎች ውሃ እያመጣ ያገለግለን ነበር። እንጦጦን ወጥተን፣ ሱሉልታንና ጫንጮን፣ ፍቼንና ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ስድስት ሰዓት ሆነ። ከእኛ ፊት የቀረው የዓባይ በረሃ ነበረ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዐቀበት ነው። መንገዱ ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ ሰው ታች ሲደርስ ያልበዋል። ዛሬ በወንዙ ላይ በ2000 ዓ.ም. ማለቂያ የተመረቀው አዲስ ድልድይ አለ፤ በዚያ ጊዜ ግን አሮጌው ድልድይ ብቻ ነበረ፤ መንገዱም ያረጀና የተቦረቦረ ነበረ።

ነጂው በቁልቁለቱ ራስ ላይ መኪናውን አቆመ። ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ተመልሶም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ እንደ ኤሊ እየተጎተተ መውረድ ጀመረ። እኔም ሰዓቴን አየሁ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ትጎተታለህ? መንገዱ እኮ ባዶ ነው» አልሁት።

«ጋሼ፣ ይህ ዓባይ ነው፤ ቶሎ አይወረድበትም» አለኝ።

«ዐቀበት ሲሆን ሞተሩ ደከመ ትላለህ፤ ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ቶሎ አይወረድም ትላለህ። እንግዲያስ መቼ ልንደርስ ነው? ያሳደገችኝ አክስቴ እኮ ናት የሞተችው» አልሁት።

ነጂው ዝም አለ። ይህን ጊዜ ከኋላ ያሉት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ፤ አንድ አዛውንት ዘመዳችንም «ልጄ፣ እባክህ፤ ሬሳ ቆሞ አይጠብቅም» አሉት። ነጂው አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብሎ አየኝ። ከዚያም ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። እኔም «እግዚአብሔር ይስጥህ፤ አንተ የሰው ልጅ ነህ» ብዬ መረቅሁት። ከዚያ ቀን ነገር ሁሉ ይልቅ ዛሬ የሚከብደኝ ይህ ምርቃት ነው።

ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ፤ ነፋሱ በመስኮት ይገባ ነበር፤ ዝንጀሮዎችም ከመንገዱ ዳር እየዘለሉ ይሸሹ ነበር። ኋላ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ መጣ። እኔ ከመንገድ ዳር የሚነድ ነገር ያለ መስሎኝ በመስኮት ተመለከትሁ፤ የነጂው ፊት ግን ተለወጠ። የፍሬኑን መርገጫ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ረገጠ፤ መርገጫውም ጭቃ እንደሚረግጡት ሰምጦ ይቀር ነበር። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሊመልስ ሞከረ፤ መኪናው ፈጥኖ ስለ ነበረ ማርሹ ጮኸ እንጂ አልገባም፤ ከሦስተኛውም ወጥቶ በመካከል ባዶ ሆኖ ቀረ። በግራችን ገደል፣ በቀኛችን የተራራው ግድግዳ ነበረ። ነጂው «ያዙ!» ብሎ ጮኸና መሪውን ወደ ተራራው አዞረ። አውቶቡሱም ድንጋዩን እየፋቀ መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ ቆመ።

የሞተ ሰው አልነበረም። ሃያ ሁለታችንም ከመቧጨርና ከመደንገጥ በቀር ደኅና ነበርን። ረዳቱ ግን በበሩ ላይ ቆሞ ነበርና ቀኝ እግሩ በበሩና በድንጋዩ መካከል ተጨፈለቀ። ከኋላችን በመጣ የጭነት መኪና ጭነን ላክነው፤ ኋላም እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቈረጠ። እኛ ደብረ ማርቆስ የደረስነው ከመሸ በኋላ ነው። የአክስቴ መቃብር አፈሩ ገና እርጥብ ነበረ።

ፖሊስ ነጂውን በጠየቀው ጊዜ እኔ በአጠገቡ ቆሜ ነበር። «ቁልቁለቱን በሦስተኛ ማርሽ ወረድሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ፖሊሱም ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎስ ምን አዩ?» አለኝ። እኔም «ፍሬኑ እምቢ አለው» አልሁ። ይህ ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ እውነት ግን አልነበረም። ነጂው ቀና ብሎ አላየኝም። ኋላ ስምንት ወር ተፈረደበት፤ መንጃ ፈቃዱንም ተቀማ። እኔ ለረዳቱ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ላክሁለት፤ ይህንንም ከቸርነቴ ቈጥሬው ነበር።

እንደዚህ ሆኖ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በ2006 ዓ.ም. ልጆቼ አንድ አሮጌ መኪና ገዙልኝና በሃምሳ ሁለት ዓመቴ መንዳት ለመማር ተመዘገብሁ። ከእኔ ጋር የሚማሩት ሁሉ የልጆቼ እኩዮች ነበሩ። አንድ ቀን አሠልጣኙ ጠመኔ ይዞ ስለ ቁልቁለት ያስተምር ጀመር። «ፍሬን መኪናን የሚያቆመው ሩጫውን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ሙቀቱ የሚሄድበት ካጣ ሸራው ይቃጠላል፤ የፍሬኑም ዘይት ይፈላል፤ ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ መርገጫው ሰምጦ ይቀራል» አለ። ቀጥሎም «ረጅም ቁልቁለት በሞተር ይወረዳል እንጂ በፍሬን አይወረድም። ዐቀበቱን በምትወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ። ማርሹንም በቁልቁለቱ ራስ ላይ ምረጡ፤ ከፈጠናችሁ በኋላ ልመርጥ ብትሉ አይገባላችሁም» አለ።

እኔ ከወንበሬ ላይ እንደ ደረቅ እንጨት ቀረሁ። የተቃጠለው ጨርቅ ሽታ፣ የሰመጠው መርገጫ፣ የጮኸው ማርሽ፣ ሁሉም በተራ መጣብኝ። ያ ጎልማሳ በጎሐ ጽዮን ራስ ላይ መኪናውን አቁሞ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባው ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። እኔ የማላውቀውን ነገር አዝዤው ነበር።

በዚያች ማታ እንደ ሒሳብ መምህርነቴ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ቁልቁለቱ ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአርባ ስምንት ደቂቃ ይወርደዋል፤ በሰዓት አርባ የሚሄድ ደግሞ በሠላሳ ደቂቃ ይወርደዋል። እንግዲህ በችኮላዬ ላተርፍ የነበረው አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። በዚህ ላይ ከሃያ አምስት ወደ አርባ ሲፈጥን የመኪናው ሩጫ ኃይል በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ ሁለት እጥፍ ከግማሽ ይሆናል፤ ኃይሉ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋልና። ስድስት ቶን የሚመዝን አውቶቡስ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ ክብደቱ የሚሰጠው ኃይል ሁሉ ሙቀት ቢሆን፣ ሰባት ጀሪካን ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህን እሳት ሞተሩ ካልተካፈለው አራቱ ጎማዎች ዘንድ ያለ የፍሬን ሸራ ብቻውን ሊሸከም ነው። ደግሞም ሌላውን መንገድ ጨምሬ ብቆጥረው፣ አሥራ ስምንቱን ደቂቃ ብናተርፍ እንኳ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደብረ ማርቆስ አንደርስም ነበር። የአንድ ልጅ እግር የተቈረጠው ለማይበቃ ትርፍ ነው።

ዛሬ መሣሪያው በዝቷል፤ ይህም መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦሊን የተባለ የስዊድን መሐንዲስ በቮልቮ ፋብሪካ በትከሻና በወገብ ላይ የሚያልፈውን የወንበር ቀበቶ ሠራ፤ ፋብሪካውም ሌሎች መኪና ሠሪዎች ሁሉ በነፃ እንዲሠሩበት ፈቀደ። በፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶውን ቢታጠቅ የመሞቱ አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ዳሩ ግን ቀበቶ በበር ላይ ለሚቆም ረዳት ምን ይጠቅመዋል? ጎማ በድንገት ፍሬን እንዳይቆለፍ የሚከለክል መሣሪያም አለ፤ እርሱም የሚረዳው ፍሬኑ ደኅና ሲሆን ነው፤ የተቃጠለውን ሸራ አያድሰውም። በብዙ የሕዝብና የጭነት መኪና ላይ የፍጥነት መገደቢያ ይገጠማል። ይህ መሣሪያ ሥራውን የሚሠራው ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ በመቀነስ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ግን መኪናውን የሚስበው ነዳጅ ሳይሆን የገዛ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ነዳጁን ቢቀንሰው የወደቀውን ድንጋይ «ቁም» እንደ ማለት ይሆናል። መሣሪያው ሁሉ ለሚያውቅ ሰው ረዳት ነው፤ የማያውቅን ሰው ግን አያስተምርም።

ትምህርቱንም በሚመለከት፣ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600፣ ኋላም እርሱን የተካው በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074፣ ነጂ የሚሆን ሰው ሠልጥኖና ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ እንዲያገኝ ያዝዛሉ። ነገሩም የሚገባው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ፣ በ2021 በዓለም መንገዶች ላይ 1,190,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ነግሮናል፤ ከአምስት ዓመት እስከ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ላሉት ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ የሚበልጠው ገዳይ የመንገድ አደጋ ነው። ከሟቾቹም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ናቸው፤ ይህ ማለት ብረት የማይከልላቸው ሰዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ነጂውን ብቻ ማስተማር እንደማይበቃ ያስተማረኝ ራሱ ያ ነጂ ነው። መንጃ ፈቃዴን ከተቀበልሁ በኋላ አፈላልጌ በአንድ ትንሽ ከተማ አገኘሁት፤ ጎሚስታ ቤት ከፍቶ ጎማ ይጠግን ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። እኔን ወዲያው ዐወቀኝ፤ እጁንም በጨርቅ ጠርጎ ወንበር ሰጠኝ። የመጣሁበትን ነገርሁት፤ «ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በፖሊሱም ፊት ዝም አልሁ» አልሁት።

ጥቂት ዝም ብሎ «አይደለም፣ ጋሼ» አለኝ። «እርስዎ አያውቁም ነበር። እኔ ግን ዐውቅ ነበር። መርገጫው ላይ የነበረው እግር የእኔ ነው። የተማርሁት መንዳት ነው፤ ታላቅ ሰው ሲለምነኝ፣ ሴቶች ሲያለቅሱ፣ እምቢ ማለት አልተማርሁም ነበር።»

እኔ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ስለ መንገድ አደጋ ከዚህ የሚበልጥ ቃል ግን አላገኘሁም። እኛ ልጆቻችንን ስናሳድግ ታላቅህ ሲናገር አትመልስ እንላለን፤ ይህም ጥሩ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ያንኑ ልጅ መሪ አስጨብጠን የሃያ ሁለት ሰው ነፍስ ካስረከብነው በኋላ፣ በዚያ ወንበር ላይ ታላቁ ማን እንደ ሆነ ልንነግረው ይገባ ነበር። በየማሠልጠኛው ስለ ማርሽና ስለ ምልክት ትምህርት እንደሚሰጥ፣ በትሕትና እምቢ ስለ ማለትም ትምህርት ቢሰጥ መልካም ነው። የመኪናው ባለቤትም እምቢ ያለውን ነጂ «ደንበኛ አስቀየምህ» ብሎ ከመቅጣት ይልቅ ሊያመሰግነው ይገባል።

ረዳት የነበረውንም አገኘሁት። በዚያው ከተማ በአውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለው፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ ይጠያየቃሉ። ነገሬን ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። በጨረስሁ ጊዜ «ታዲያ ቀብሩ ላይ ደረሳችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ያን ቀን እርሱን ጭነን ከላክነው በኋላ ምን እንደ ሆንን የነገረው ሰው አልነበረም። «አልደረስንም» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። ቡና አስፈልቶ አጠጣኝ።

አንባቢ ሆይ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገራችን ሰው፤ የፈሰሰው ሁሉ ግን አይለቀምም። ስለዚህ ይህን ካነበቡት መካከል ሁለት ወገኖችን እለምናለሁ። የመጀመሪያዎቹ ከነጂ አጠገብ የሚቀመጡ ናቸው። ነጂው ዝግ ብሎ ሲወርድ ምክንያቱን ባታውቁት እንኳ ምክንያት እንዳለው እመኑ። ይልቁንም ሲቸኩል ያያችሁት እንደ ሆነ «ወንድሜ፣ እኛ አንቸኩልም» በሉት፤ ይህ ቃል ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል። ረዳቱንም በበር ላይ አታቁሙት።

ሁለተኛዎቹ የቀብርን ሰዓት የሚወስኑ ናቸው፤ ይኸውም ካህናትና የእድር ዳኞች ናቸው። በአገራችን ሟች በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ ልጅና ወንድም ግን ከሩቅ አገር ይመጣል። ሰዓቱ በተወሰነ ጊዜ በመንገድ ላይ ያሉት ሰዎች ልባቸው ይቆረጣል፤ ልባቸው ሲቆረጥም በነጂው ላይ ይጮኻሉ። እኔ ስለ ጮኽሁ ዐውቀዋለሁ። በ1988 ዓ.ም. በመንገድ ላይ ላለ ሰው መልእክት የሚያደርስ አልነበረም፤ ዛሬ ግን በየሰው እጅ ስልክ አለ። ሰዓቱ ሳይቆረጥ በፊት ማን በመንገድ ላይ እንዳለ፣ የትስ እንደ ደረሰ ቢጠየቅ፣ የሚያልፍበትም እንደ ዓባይ ያለ ስፍራ እንደ ሆነ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ቢጨመርለት ማንም አይጎዳም። ሟቹ አይቸኩልም።

ባለፈው ዓመት ጎረቤታችን በሞቱ ጊዜ ልጃቸው ከጎጃም በመኪና ይመጣ ነበር። የእድራችን ዳኛ የእኔን ታሪክ አያውቁም፤ ነገር ግን እኔ በለመንኋቸው ጊዜ ሰዓቱን ከስድስት ወደ ዘጠኝ አዛወሩት። ስልኩንም ለእኔ ሰጡኝ። ልጁ ገና ደጀን ነበረ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከኋላውም የሰው ልቅሶ ይሰማኝ ነበር። እኔም «ልጄ፣ ቀስ ብላችሁ ኑ፤ እንጠብቃችኋለን፤ ይህንንም ለነጂው ንገርልኝ» አልሁት።